እባካችሁ ሳኩለንቱን አታጠጡት

ሐምሌ ሲገባ የአበባ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ የሚለጠፈው ፎቶ አንድ ዓይነት ይሆናል። ቅጠሉ መስታወት የመሰለ፣ ግንዱ ከሥሩ የጠቆረ፣ ሲነኩት እንደበሰለ ፓፓያ የሚፈርስ ተክል። ከፎቶው በታች ያለው ጥያቄም አይለወጥም። «ምን ሆኖብኝ ነው? ውሃ እንደሆነ በየቀኑ አጠጣዋለሁ!» መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ተቀምጧል።

ሳኩለንት የምንላቸው ውሃን በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው አቁረው የሚኖሩ ተክሎች ናቸው። የአንድ ዘር ስም ሳይሆን የአኗኗር ስም ነው። እሬት ሳኩለንት ነው፣ ቁልቋልም ሳኩለንት ነው፣ በለስም እንደዚያው፤ እርስ በርስ ግን ዝምድናቸው በጣም የራቀ ነው። የሚያገናኛቸው ሁሉም ድርቅን ያውቁታል፣ ሁሉም ስንቅ ይዘው ይጠብቁታል።

ቁጠባቸው ደግሞ ቀልድ አይደለም። አብዛኛው ተክል ምግቡን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው ቀን ነው። ለዚያ ሲል ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍታል፤ ቀዳዳው ሲከፈት ግን ውሃውም በዚያው ይተናል። ብዙዎቹ ሳኩለንቶች ይህን ግብይት ወደ ሌሊት አዛውረውታል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታሉ፣ ያስገቡትን በአሲድ መልክ ያስቀምጣሉ፣ ሲነጋ በራቸውን ዘግተው ያስቀመጡትን እያወጡ በፀሐይ ብርሃን ይሠሩበታል። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስለወጣሁ ይሆናል፣ ከዚህ የተሻለ የወጪ ቅነሳ ምሳሌ አላየሁም። እንዲህ ያለውን ቆጣቢ በየቀኑ ማጠጣት ደግሞ በድጎማ ማጥፋት ነው። ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ሁሌም እርጥብ ከሆነ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፣ ብስባሴው ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ላይ ስታዩት ሥሩ ካለቀ ቆይቷል።

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ የሚብሰው በክረምት ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ቀኑ ደመና ነው፣ ማታው ይበርዳል፣ አፈር የሚደርቅበት ጊዜ የለም። ከሜክሲኮ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር የመጣ ተክል ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በክረምት በጣሪያ ሥር ያለ ሳኩለንት በወር አንዴ ቢጠጣ ይበቃዋል፤ ጭራሽ ባይጠጣም አይሞትም። ዝናብ የሚመታው ቦታ ካለ አሁኑኑ አንሱት። በበጋ፣ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ላይ፣ በየ10 ወይም በየ15 ቀኑ አንዴ በደንብ አጠጥታችሁ ትርፉ ውሃ ከሥር እስኪወጣ መተው ነው። ቀኑን ከመቁጠር ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጉ፤ ከውስጥ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት፣ ሂዱ፣ ሌላ ሥራ ሥሩ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ከዚህ የተመቸ ተክል ከየት ይመጣል? የጀሪካኑ ውሃ ለምግብና ለመታጠቢያ ሲቃረጥ ከአበባው ጋር የማያጣላን እሱ ብቻ ነው።

ከውሃው ቀጥሎ ገዳዩ አፈር ነው። ከግቢያችን የምንዝቀው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ለጤፍ እንጂ ለሳኩለንት አልተፈጠረም። ሲርስ ያብጣል፣ ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ «ፐርላይት ጨምሩ» ሲባል ሰምታችሁ ገበያ ለገበያ የዞራችሁ ካላችሁ ልገላግላችሁ። መንገድ ሠሪዎች የሚደለድሉት ሬድ አሽ፣ ያ ከቢሾፍቱ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች እየተቆፈረ በገልባጭ መኪና የሚመጣው ቀይ ጠጠር፣ ሌላው ዓለም በትንንሽ ከረጢት አሽጎ ውድ የሚሸጠው ዓይነት ነገር ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ውሃ ያሳልፋል። ግንባታ ካለበት ሠፈር አስፈቅዳችሁ አንድ ፌስታል ያዙ፣ ዱቄቱን በወንፊት አራግፉ፣ የባቄላና የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን ከብስባሽ አፈር ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መያዣውም ከሥሩ ካልተበሳ አይሆንም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የሚሠሩት ያልተቀባ ሸክላ ከሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ይሻላል፤ ገላው ራሱ ስለሚተነፍስ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። የድልህ ቆርቆሮም በምስማር ከተበሳ ይሠራል። ኢንስታግራም ላይ የሚያምረው፣ መስታወት ጠርሙስ ውስጥ የተተከለው ሳኩለንት ግን በቁሙ የተቀበረ ነው። ከሥር ጠጠር መደርደርም አይረዳም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ እንደተንጠለጠለ ይቀራል እንጂ መውጫ አያገኝም።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልበልና ወደ ተክሎቹ እንለፍ። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አትክልተኞች «በደቡብ በኩል ያለ መስኮት» ሲሉ ለራሳቸው አገር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ። በረንዳችሁ ወደ ደቡብ ከዞረ በበጋ ፀሐይ ይሞላዋል፣ በክረምት ጥላ ይሆናል። ወደ ሰሜን የዞረው ተገላቢጦሽ ነው። ተክሉን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ገትሮ ከመተው ሁለት ጊዜ ማዛወር ብዙ ይለውጣል።

አሁን የትኛውን እንያዝ?

ለጀማሪ፣ በተለይ ፀሐይ ለማታውቅ ክፍል፣ ስኔክ ፕላንት የሚባለው ቀጥ ያለ ጎራዴ መሳዩ ተክል አለ። አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ጨለምለም ያለ ሳሎን ይችላል፣ ወር ቢረሳ አያኮርፍም። ቅጠሉን ቆራርጦ በመትከል ይባዛል፤ ብቻ ጠርዙ ቢጫ የሆነውን በቅጠል ካባዛችሁት ልጆቹ ቢጫውን አጥተው አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ። ቢጫው እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ከሥሩ የሚወጣውን ግልገል ነው መንጠል ያለባችሁ።

እዚህ ላይ ሻጮች «አየር ያጠራል» ብለው ዋጋ ሲቆልሉ ትሰማላችሁ። ወሬው የመጣው ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ካደረገው ሙከራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ያለፉትን ሙከራዎች ሰብስቦ ሲያሰላ፣ መስኮት ከፍቶ ከሚገኘው አየር ጋር ለመወዳደር በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል ብሏል። ስለዚህ ተክሉን ስለወደዳችሁት ግዙት። ለአየሩ መስኮቱን ክፈቱ፣ ነጻ ነው።

ጄድ የሚባለው ወፍራም ቅጠሉ ሳንቲም የሚመስለው የደቡብ አፍሪካ ተክል ለትዕግሥተኛ ሰው ነው። በዓመታት ውስጥ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ኤቼቬሪያ፣ ያ ጽጌረዳ መስሎ የተደረደረው የሜክሲኮ ተክል፣ ለፎቶ የሚያህለው የለም። አዲስ አበባ ላይ ዕድለኞች ነን። ከፍታው ላይ ፀሐዩ ጠንካራ፣ ማታው ቀዝቃዛ ስለሆነ በበጋ ጠርዙ ቀይና ሐምራዊ ይሆናል። ቤት ውስጥ ካስገባችሁት ግን ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስረዝሞ ውበቱ ይጠፋል። ቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው፤ በኮቪድ ጊዜ የተረፈችውን አልኮል በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ነክራችሁ ጥረጉት።

ድሬዳዋ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ላላችሁ ደግሞ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሏትን አስቡ። ግንዷ ከሥር እንደ ጠርሙስ የሚያብጥ፣ አበባዋ ደማቅ ሮዝ። በቦረናና በምሥራቅ ቆላዎች በራሷ የምትበቅል የአገራችን ተክል ናት። ሙቀት ትወዳለች። የአዲስ አበባ ክረምት ግን አይስማማትም፣ ቅጠሏን አራግፋ ትበሰብሳለች። ፈሳሿ መርዝ ነው፤ በአፍሪካ ብዙ ቦታ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ከመጣን አይቀር፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ነገር ልናገር። ለአንዲት የሜክሲኮ ኤቼቬሪያ ገንዘብ ከፍለን በክረምት እንቀብራታለን። ክረምቱን ለሺሕ ዓመታት ሲለምዱት የኖሩትን ግን አጥር ላይና ገደል ላይ ትተናቸዋል።

እሬትን እንውሰድ። ስሙን ስንሰማ የሚታወሰን ምሬቱ ነው። ጡት የሚያስጥሉ እናቶች ጡታቸውን ይቀቡታል፣ የከፋን ቀን «እንደ እሬት መረረኝ» እንላለን። በኢትዮጵያ ግን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ፣ ብዙዎቹም ከዚህ ምድር ውጪ የትም የማይበቅሉ ናቸው። አንዱ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ አሎ ደብራና ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህ ተክል የአዲስ አበባን ብርድ እንዴት እንደሚያየው መገመት አያቅተውም። ሌላኛው አሎ ፑልኬሪማ ነው፤ ትርጉሙ በላቲን «እጅግ ውብ» ማለት ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ ይበቅላል፣ ቅጠሉ ሰማያዊ ዓይነት ግራጫ፣ አበባው ቀይ። ይህን ዝርያ ለሳይንስ በስሙ ካስመዘገቡት ሁለት ተመራማሪዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። በዕፅዋት ጥናት ሥራቸው በ2016 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ የተሸለሙ ሰው ናቸው። ስማቸውን ከዚህ በፊት ያልሰማችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም።

አሎቬራ ብለን የምንገዛው ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የእሱ አገር የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። ጥሩ ተክል ነው፣ አልጣላውም። ግን ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ቅጠሉን ከነልጣጩ ፈጭታችሁ እንዳትጠጡ። ከቆዳው ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድን ክፉኛ የሚያስቀምጥ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2002 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ዝርዝር አስወጥቶታል። ለቆዳ የሚሆነው መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለው ነው፤ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ቢጫው እስኪንጠባጠብ አቁሙት።

የአገር እሬት በረንዳ ላይ ስታስቀምጡ የሚመጣ እንግዳም አለ። አበባው ቱቦ መሳይ ነው፣ ውስጡ ጣፋጭ ፈሳሽ አለው፣ ቀጭን ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ማር ቀሳሚ ወፎች ይወዱታል። ከነሱ አንዷ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ የምታንጸባርቀው፣ በሳይንሱ ዓለም የምትጠራው በተከዜ ወንዝ ስም ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ትታያለች። ለስልክ ካሜራ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ብቻ ፈጣን ናት።

ቁልቋል ሌላው የተናቀው ነው። ብዙ ሰው ካክተስ ይለዋል፤ አይደለም። ካክተሶች በሙሉ ማለት ይቻላል የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው። በለስም ከዚያው የመጣ ነው፣ ትግራይ ውስጥ የቱንም ያህል የቤት ልጅ ቢሆን። መለያው ቀላል ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ ካክተስ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ መሳይ ነገር ነው ያለው። ሁለቱ በተለያየ አህጉር ተመሳሳይ ድርቅ ሲገጥማቸው ተመሳሳይ መልክ ይዘው ወጡ እንጂ አይዛመዱም። ትንሽ የቁልቋል ቅርንጫፍ በሸክላ ውስጥ ቆማ ስትታይ ግርማ ሞገስ አላት። ነገር ግን ወተቱ አይቀለድበትም፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ለጊዜው እስከ ማሳወር ይደርሳል። ቂንጭብም እንደዚያው ነው። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ትንንሽ ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ከሆነ ቁልቋልን ተዉት፣ እሬቱ ይበቃል።

እንዳሁላ ደግሞ ገጠር ያደገ ሰው የሚያውቀው፣ ከተማ ያደገው ግን «ካላንቾ» ሲባል ብቻ የሚገዛው ነው። የአበባ መሸጫዎች ውስጥ የምናየው ካላንቾ ከማዳጋስካር የመጣ ዘመዱ ነው። የእኛው ደጋ ላይ በድንጋይ ካብና በአጥር ሥር ይበቅላል። ያ የሌሊት ቁጠባ ያልኳችሁ አሠራር በሳይንስ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከእንዳሁላ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ አደጋ አለ። «የአገራችን ይሻላል» ስል ቅዳሜ ቀን መኪና ተከራይታችሁ መዶሻና አካፋ ይዛችሁ ገደል እንድትወጡ አይደለም። አንዳንድ የእሬት ዝርያዎች የሚገኙት በጣም ጠባብ በሆነ አካባቢ ነው። አንድ ጎበዝ ሻጭ በአንድ ክረምት የአንድ ኮረብታን ክምችት ሊጨርስ ይችላል፣ ዋጋው ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ተሸክሞ ለሚያመጣው ልጅ ኢምንት ነው። ገደሉ የማንም ስላልሆነ ሁሉም ይነቅላል፣ ማንም አይተክልም። ክፍል ውስጥ የጋራ ሀብት መጥፋት ብለው ያስተማሩን ነገር መልኩ ይኸው ነው። የዱር ተክሎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ ያስገባው በከንቱ አይደለም። ዋሽንግተን ላለች አክስታችሁ በሻንጣ እሬት መላክም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አትደብቁት።

ከዱር የተነቀለን ተክል መለየት ይቻላል። ሥሩ የተቆረጠ፣ ቅጠሉ የተቧጨረና ፀሐይ የመታው፣ መጠኑ ትልቅ ሆኖ ሸክላው ውስጥ ገና የሚወዛወዝ ከሆነ ትናንት የተነቀለ ነው። በሸክላ ያደገው ሥሩ አፈሩን አቅፎ ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሻጩን «ራስህ ነህ ያባዛኸው?» ብሎ መጠየቅም ምንም አያስከፍልም። መልስ ያጣ ሻጭ ራሱ መልስ ነው።

የተሻለው መንገድ ግልገል መለመን ነው። ብዙ እሬት፣ ሁሉም ባይሆንም፣ ከሥሩ ልጅ ያወጣል። የአያት ግቢ፣ የጎረቤት አጥር፣ የመሥሪያ ቤት አትክልት ቦታ፣ አትክልተኛውን ጋሼ ብሎ አክብሮ ለጠየቀ ሰው የሚከለክል አላየሁም። የጄድ ቅርንጫፍም፣ የኤቼቬሪያ ቅጠልም እንደዚሁ ናቸው። ይህ ንግዱን የሚጀምሩ ጓደኞቼም ሊያስቡበት የሚገባ ነው። አንድ ተክል በዓመት አሥር ከሆነ፣ የገዛህ ሰው ሁሉ ነገ ተወዳዳሪህ ነው ማለት ነው። ተክሉ ራሱ ርካሽ መሆኑ አይቀርም። ገዢው ደጋግሞ የሚከፍለው ለተዘጋጀው ሬድ አሽ ድብልቅ፣ ለሸክላው፣ «በረንዳዬ ወደዚህ ነው የሚዞረው፣ ምን ልያዝ?» ሲል በቴሌግራም ለሚያገኘው ቀጥተኛ መልስ ነው። ቀጨኔ ካሉት ሸክላ ሠሪዎች ጋር ተነጋግሮ ከሥሩ የተበሳ ትንንሽ ሸክላ በብዛት ማሠራት እስካሁን የሚገርም ክፍተት ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ፀሐዩ ሲመለስ ጀምሩ። ግልገሉን በተሳለ ቢላ ከእናቱ ለዩት፣ ቢላውን መጀመሪያ በአልኮል ጥረጉት። የተቆረጠውን ቁስል ጥላ ቦታ ላይ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አስተኝታችሁ አድርቁት፣ ልክ እንደ ቅርፊት እስኪሆን። ከዚያ በደረቅ ድብልቅ ውስጥ ትከሉት፣ ከጎኑ በድንጋይ ደግፉት። ውሃውን ደግሞ ገና አሁንም አታንሱ፤ ሥር እስኪይዝ ሌላ አንድ ሳምንት ይቆይ።